የማን ነሽ ቢሉኝ

«የማን ነሽ አንች?»

እንዲህ ያለችኝ አንዲት የባቄላ ማሳ ባለቤት ናት። ዳባት ዳርቻ፣ የወተት ጥርሴ ሲነቃቀል በነበረበት ጊዜ። አራት ልጃገረዶች ሆነን እሸቷን ስንፈለፍል ከኋላችን ደረሰች። ጓደኞቼ ብልጦች ናቸው። አንዷ የጎረቤቷን አባት ስም ጠራች። አንዷ እያለቀሰች የሞተ አጎቷን ጠራች። ሦስተኛዋ እግሯን ጠራች፤ እግሯም አቤት አላት። እኔ ቀረሁ። አፌ ባቄላ እንደሞላ፣ ዝም።

ሴትዮዋ አገጬን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችው። «ዝም ያለ ሰው የማንም አይደለም» አለችኝ። «የማንም ያልሆነ ደግሞ የሁሉም ነው። ሂጂ ወደ እናትሽ!»

አልመታችኝም። ብትመታኝ በማግስቱ እረሳው ነበር። ዱላ ይረሳል። ንግግር ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ የባቄላ ገለባ ነው፤ ምላስሽ ሁልጊዜ እዚያው ይሄዳል።

መቼም በእኛ አገር ስምሽ ማነው ብሎ የሚጀምር ሰው ትንሽ ነው። የሚጠየቀው የማን ልጅ ነሽ ነው። ስም ምን ያደርጋል? የማን እንደሆንሽ ሲታወቅ ነው ሰውዬው ሊስምሽ ወይስ ሊዘጋሽ እንደሚገባው የሚያውቀው። በቅሎን እንኳ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ይህ ሲተረት ሰው ሁሉ በበቅሎዋ ይስቃል። እኔ መሳቅ ትቻለሁ። ምን ትበል? በአንድ የቤት ሽያጭ መሃል እንደዚያች በቅሎ የቆምኩባትን ቀን አልረሳም። ላጫውታችሁ። ስጨርስ ግን ዓይኔን አትዩኝ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ አዲ አርቃይ ሲወርድና ሲወጣ ከእኔ ፊት ይልቅ የመኪናውን ጎማ ያያል። ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አለችኝ። ደባርቅ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ አለፍ ብሎ፣ ከእትዬ ስንዱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። በሩ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ሙቀጫም አለኝ፤ ወቅጠሽ ስጪኝ ለሚል እወቅጣለሁ።

ዝምተኛ ነኝ። ዝምተኛ መሆን ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለፍላፊ ሰው አያውቀውም። ሰው ምስጢሩን የሚደፋብሽ ጉድጓድ ትሆኛለሽ። መጥቶ ድንች ይመርጣል፣ ድንቹን ትቶ ሚስቱን ያማልኛል፣ ሲጨርስ «አንች ጥሩ ሰው ነሽ» ብሎ ሳይገዛ ይሄዳል። ጥሩ ሰው መሆን ራት አይሆንም እንጂ ስሙ ያምራል።

አንድ ቀን ማለዳ እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ባል የሞተባቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ከአንገታቸው ክርና ቁልፍ የማይለይ ሴት ናቸው። ቁልፉን ከክሩ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉኝ። «እኔ ዳባት ስመላለስ ሰው ቢመጣ አሳይልኝ። ቢጠይቁሽ ለንግሥ ሄደች በይ።»

ቀጥለው ግራ ቀኝ አዩ። ጆሮዬ ዘንድ ጎንበስ አሉ። «ላንች ብቻ ልንገርሽ። እህቴ ዓይኗ ጠፍቷል። ብቻዋን ናት፤ ውሃ የሚያቀብላት የለም። ክረምት ሳይገባ ሄጄ አብሬያት መቀመጥ አለብኝ። ይህን ገዢ ከሰማ ግን ቸኩላለች ብሎ አጥንቴን ይግጠዋል። ላንች ብቻ!»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሳቸው ሆንኩ። ውል አልተጻፈም። ውክልና ሰጥተዋል ብሎ የሚመሰክር ጽሕፈት ቤት የለም። ቁልፍ ተሰጠኝ፣ ምስጢር ተሰጠኝ፣ ነቀነቅሁ። ከዚህ በላይ ፊርማ አለ?

ወሬው ባጃጅ መቆሚያው ዘንድ ሳይደርስ ጌጡ ደረሰ። ጌጡ የሰፈሩ ደላላ ነው። ቢሮው የስልክ እንጨት ነው፤ ተደግፎት ይውላል፤ እንጨቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው በእሱ ነው ይላሉ። «አንች ደግሞ በሰው እንጀራ ምን አስገባሽ?» አለኝ፣ የጥርስ እንጨቱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዛወረ። ዝም ስለው አዘነልኝ መሰለኝ ያስተምረኝ ጀመር። «ስሚ። ደላላ ከሻጭ ጋ ሲሆን የሻጭ ነው። ከገዢ ጋ ሲሆን የገዢ ነው። ብቻውን ሲሆን ጦሙን ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ብቻውን አይሆንም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?»

ሰምቻለሁ። ግን ሁለቱ ባላዎች በየፊናቸው ቢሄዱስ? የተንጠለጠለው ሰውዬ አይሰነጠቅም? ይህን አልጠየቅሁትም። እኔ እኮ ጥሩ ጥያቄዎቼን የማስታውሰው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

የጌጡን ሥራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አንዱን ቤት ሊያሻሽጥ ገዢውን ወሰደና «ፀሐይ የሚገባው ቤት ነው!» አለው። ወጣና ደግሞ ባለቤቱን «ጣሪያህ ተበስቷል፣ ቀንስ» አለው። አንድ ቀዳዳ ነው። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሰው አሳየበት። ሲወራበት አያፍርም፤ ራሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ሳላደርገው ስሰማው ፊቴ ይግላል። ሰው ሲፈጠር እፍረት እኩል የተከፋፈለ አይመስለኝም። የጌጡ ድርሻ በስሕተት ለእኔ ደርሷል።

ስለ መሃል ሰው ካነሣን አይቀር የባለቤቴን ወንድም ነገር ላንሣ። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ፣ ለጎብኚ በቅሎ ይነዳል። እንግዳው «በቅሎዋ ደከመች እንዴ?» ሲለው «ኧረ ምን በወጣት!» ይላል፤ ስለ ባለቤቷ ብሎ። ማታ ባለቤቷ «ጭነት አበዙባት እንዴ?» ሲለው «ኧረ ባዶዋን ነው የዋለች!» ይላል፤ ስለ እንግዳው ብሎ። እሱ እንግዲህ ሁለቱንም ደስ አሰኝቷል። «የበቅሎዋስ ወኪል ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «የኋላ እግሯ» አለኝ። «አንድ ቀን ሁላችንንም በአንድ ላይ ትከራከረናለች።»

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አያ ደሴ የመጡት ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሣ ነው። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ የገብስ አገር ሰው። ከላይ ከጊች ነው የወረድሁ አሉ። እትዬ ስንዱ «ለንግሥ» ሄደዋል። ልጄን አዝዬ፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰውዬው ቤቱን አላዩም፤ እኔን አዩኝ።

«የማን ነሽ?» አሉኝ።

እዚች ላይ ቁሙልኝ። ሰውዬው ቤት ሊገዙ መጥተው፣ ቁልፍ የያዘች ሴት በር ላይ አግኝተው ነው የጠየቁኝ። መልሱ አንድ ነበር፤ «የባለቤቷ ነኝ»። ሌላ አገር ያደገች ሴት እንዲያ ትል ይሆናል። እኔ ግን እዚህ ነው ያደግሁት። የማን ነሽ ሲባል የአባት ስም ነው የሚጠራው።

«የይርጋ» አልኩ።

«የትኛው ይርጋ? ጊች ተወልዶ በልጅነቱ ዳባት የወረደው?»

«አዎ።»

ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ትከሻዬን ሳሙኝ፣ የታዘለችውን ልጅ እግር ሳሙ፣ ደግመው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ሥጋዬ አይደለሽም እንዴ! አባትሽና እኔ በአያት ነው የምንገናኘው! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሌላው ገዢ ደላላ ለምኖ ይመጣል፤ እኔ የገዛ ልጄን በሩ ላይ አገኘሁ!»

«አያ ደሴ፣ ዘሬ የእርስዎ ነው፤ ቁልፉ ግን የእትዬ ስንዱ ነው።» እንዴት ያለ ንግግር ነው! ያምራል አይደል? የመጣልኝ በማግስቱ፣ ድንች ስመዝን ነው። በሰዓቱ ግን ሰውዬው እንዲያ ደስ ብሏቸው፣ ልጄን እየሳሙ፣ እንዴት ብዬ ነው ቆይ፣ የዚያኛው ወገን ነኝ የምለው? ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ቤቱን አሳየኋቸው። «ያፈሳል?» ብለው ጠየቁኝ። «በማድ ቤቱ ጥግ ታፈሳለች» አልኩ። እትዬም የተጠየቅሽውን አትዋሺ ብለውኛል። ይህችን እንኳ ትጻፍልኝ፤ በቀረው የምኮራበት የለኝም።

ሲጨርሱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ። አወቅሁት ያን አተያይ። ጆሮዬን ልደፍን ስል ጎንበስ አሉ።

«ላንች ብቻ ልንገርሽ፣ ልጄ። ሚስቴ ትንፋሽ ያጥራታል። ከጊች በበቅሎ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር በመኪና እዚህ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ትቀርብኛለች። ይህ ቤት ለሆስፒታሉ ጎረቤት ነው። ይህን ካጣሁ እሷን አጣኋት። ሴትዮዋ ይህን ከሰማች ግን ዋጋውን ራስ ዳሸን ታወጣዋለች። አንች የኔ ነሽ፤ ጠብቂኝ።» ሲነሡ ደግሞ ጨመሩ። «ቤቱ የኔ ከሆነ አንችንስ ከዚህ ማን ይነቅልሻል?»

ይህች የመጨረሻዋ ሞቀችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ። ቤቱ ሲሸጥ ወዴት እገባለሁ እያልኩ የምጨነቅ ሴት ነኝ፤ ገዢው ሥጋዬ ሆኖ ተገኘ። ዝም አልኩ። ቅድም ዝም ያልኩት ከይሉኝታ ነበር። ይህኛው ዝምታ ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ሆዴ ዳባትና ጊችን አንድ ላይ ተሸከመ። አንደኛዋ ካልሸጥሁ ትላለች፣ ሌላኛው ካልገዛሁ ይላል፣ በመሃል ሁለቱን የምታውቅ አንዲት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ። ለእትዬ ስንዱ የአያ ደሴን ጭንቀት ብነግራቸው፣ የነገሩኝን ሰው ከዳሁ። ለአያ ደሴ የእትዬን ብነግር፣ ቁልፍ የሰጡኝን ሴት ሸጥኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የሌላ አገር ሰው ይህን ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን አፋፍ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ከዚያ የወደቀ ነገር ድምፁ እንኳ አይመለስም።

ሁለቱ ደግሞ «አልቸኩልም» ብለው ተፋጠጡ። አያ ደሴ በየቀኑ ይመጡና ከትይዩ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቤቱን የማያዩ መስለው። እትዬ ስንዱ በመስኮት እያዩ «ይህ ሰውዬ ፀሐይ የሚሞቀው እኛ ደጅ ብቻ ነው? ጊች ፀሐይ የለም?» ይሉኛል። እሳቸው ወደ ዳባት ሲሄዱ ደግሞ አያ ደሴ ጠጋ ይሉና «ሴትዮዋ ንግሥ አበዛች። ለመሆኑ ዳባት ስንት ታቦት ነው ያለው?» ይሉኛል።

«ምን አለ?» ይሉኛል እትዬ። «ምንም» እላለሁ።

«ምን አለች?» ይሉኛል አያ ደሴ። «ምንም» እላለሁ።

ሁለቱም «ጎበዝ!» ይሉኛል። ሁለቱም ለእነሱ ብዬ ነው የሚመስላቸው። ምስጋና እንዲህ ሲያቃጥል አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እትዬ ከዳባት ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። እህታቸው ድስት በዳበሳ ስትፈልግ እጇን እሳት ውስጥ አግብታ ጠበቀቻቸው። በዚያው ሰሞን አያ ደሴ ሚስታቸውን ደግፈው መጡ። ከመኪና መውረጃው እኔ ዘንድ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ቆሙ። በርጩማዬን ሰጠኋት። ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነው። ቤቱን ቀና ብላ አየችው። ሆስፒታሉን አየችው። እንደገና ቤቱን አየችው። እሷም እንደኔ ዝምተኛ ናት። ነጭ ሽንኩርት ገዝታ ሄደች። የዚያን ቀን መዳፌ ውስጥ የነበረው ቁልፍ ትኩስ ብረት ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። አንድ መሪጌታና ሁለት የሰፈር ሰዎች፣ እትዬ ስንዱ ቤት። ጌጡም ሳይጠራ መጥቶ በሩን ተደግፏል፤ የሚደገፈው ነገር ሲያገኝ ነው የሚቆመው። እኔ ልጄን አዝዬ ጠላ እቀዳለሁ።

«እመት ስንዱ፣ ይናገሩ» አሉ መሪጌታው።

«እኔ አልቸኩልም» አሉ እትዬ።

«አያ ደሴስ?»

«እኔም አልቸኩልም። ላይ ቤት አለኝ።»

ቆሎ ቀረበ። ትንሽ ይጨመር፣ ትንሽ ይቀነስ ተባለ። አልቸኩልም፣ አልቸኩልም። ቆሎው አለቀ። ሁለተኛ ቀረበ። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነጠብጣብ ተሰማ። ሁለተኛ። ከዚያ ወረደ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ። እትዬም አያ ደሴም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አንዷ ዳባትን፣ አንዱ የሚስታቸውን ትንፋሽ እንደሚያዩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብዬ ነበር።

አያ ደሴ ዱላቸውን መሬት መቱ። «እመት ስንዱ! ዓይነ ስውር እህትዎ ዳባት በክረምት ብቻዋን ሆና፣ አልቸኩልም ይላሉ?»

እትዬ ስንዱ ደነገጡ። ግን ሲደነግጡ ወደኋላ የሚሉ ሴት አይደሉም። «አንተስ? ሚስትህ ሆስፒታል ደጅ ካላደረች አትከርምም እየተባለ ፀሐይ እሞቃለሁ ትላለህ?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ።

ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንች!» አሉ እትዬ። «ቁልፌን አምኜ የሰጠሁሽ!»

«አንች!» አሉ አያ ደሴ። «ሥጋዬ!»

«ምን ሥጋህ? እሷ የኔ ናት!»

«ኧረ የኔ ናት! በአያት የምንገናኝ!»

«ያንተ ከሆነች ቤቴን ስታሳይ ምን ታደርጋለች?»

ጌጡ ከበሩ ላይ ሳቀ። «የሁለታችሁም ናት! እኔን ስታሙ ከርማችሁ! እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ደላላ ሆነሻል!»

ማሰሮው እጄ ላይ ከበደ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ የታዘለችው ልጄ እንኳ ሙቀቱ ሳይሰማት አልቀረም፣ ተንቀሳቀሰች። መሪጌታው እጃቸውን አነሡ፣ ሁሉንም ዝም አሰኙና ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አንች ልጅ፣ የማን ነሽ?»

ባቄላው ተመልሶ አፌ ውስጥ ገባ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ፣ እዚያው። ሴትዮዋ አገጬን የያዘችኝ መሰለኝ። ዝም ያለ ሰው የማንም አይደለም።

«በቤቱ ነገር የእትዬ ስንዱ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «መጀመሪያም የእሳቸው ነበርኩ። አያ ደሴ የኔ ነሽ ሲሉኝ ግን አይደለሁም አላልኩም። እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝ፤ ትንሽም ጣመኝ። እሱ የኔ ነውር ነው። የማንንም ምስጢር ግን ለማንም አላወጣሁም።»

ማን ያምነኛል? እትዬ ስንዱ ከንፈራቸውን መጠጡ። አያ ደሴ ዱላቸውን ያያሉ። ሁለቱም የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው። ከእኔ ካልወጣ ከየት ይወጣል? እዚያች ቤት ውስጥ ያልሠራሁትን ተሸክሜ ቆምኩ። ሰው በሠራው ሲያፍር መሬት ያያል። ባልሠራው ሲያፍር የሚያይበት ያጣል።

ያን ጊዜ መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእህትዎን ነገርስ…» አሉ፣ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «እኔም ሰምቻለሁ። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ እመት ስንዱ። ለእርስዎ ብቻ ብለው።»

ሁለተኛው ሽማግሌ በርጩማው ላይ ተንቀሳቀሰ። «ለእኔም። ላንተ ብቻ ብለውኝ ነው።»

ሦስተኛው ወደ አያ ደሴ ዞረ። «አያ ደሴ፣ የሚስትዎን ሕመም ለእኔ ብቻ አይደለም እንዴ የነገሩኝ? መሐላ አስገብተውኝ!»

«ለእኔ ደግሞ ሁለቱም!» አለ ጌጡ። «ለየብቻ!»

እናንተዬ፣ ደባርቅ የሚያህል ከተማ አንድ በአንድ «ላንተ ብቻ» ተብሎ አልቋል! ምስጢሩን የጠበቀ ሰው ቢኖር አንዲት ሴት ናት፤ የተጠረጠረችውም እሷው ናት። እትዬና አያ ደሴም ቢሆኑ አንዱ የሌላውን ነገር ቀድመው ሰምተዋል። የሚጠብቁት ሌላኛው እስኪሸነፍ ነበር። ሁለቱም መቸኮላቸውን ሁሉም እያወቀ፣ ክረምቱ ራሱ ሊያስታርቃቸው መጣ።

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታው ናቸው። ከዚያ ሁሉም። እትዬ ስንዱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ዝናቡ ሳያባራ ዋጋው ተቆረጠ። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም። እሱ ምስጢር ነው።

ሁሉም ሳቀ ብዬ ነበር። አያ ደሴ ሲስቁ ግን አላየኋቸውም።

እትዬ ስንዱ ዳባት ገቡ። ሲሄዱ ጉንጬን ሳሙኝ፤ «እኔ እንኳ አንችን አልጠረጠርኩም» አሉኝ። መጠርጠራቸውን እሳቸውም አውቀዋል፣ እኔም አውቄያለሁ፤ እየተዉ ማለፍ ደግ ነው። አያ ደሴ ሚስታቸውን ይዘው ገቡ። እኔንም አልነቀሉኝም፤ ቃላቸውን ጠበቁ። ሚስታቸው በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ ሆስፒታሉን ታያለች፣ ትንፋሿ እየቆየ እየተመለሰ ነው።

ነገሬ ከአያ ደሴ ጋር ነው። «ልጄ» ማለት ትተዋል። «አንች» ማለትም ትተዋል። አሁን «አንቱ» ነው የሚሉኝ። እሳቸው በአባቴ ዕድሜ፣ እኔ ልጅ ያዘልኩ ወጣት! «ደህና አደሩ? ልጅዎ ደህና አደረች?» ይሉኛል፣ ባርኔጣቸውን እያነሡ። ጎረቤት ይስቃል፤ ትሑት ሰው ናቸው ይላል። እኔ ነኝ የማውቀው። ሥጋቸው አንች ትባላለች። አንቱ የሚባል የሰው ወገን ነው። በየማለዳው «አንቱ» ባሉኝ ጊዜ ፊቴ እንደገና ይግላል። ተቆጡኝ ብል አልተቆጡኝም። ሰደቡኝ ብል አከበሩኝ። ለማን ነው የምከሰው?

ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ይነቅዛል። የሚነቅዘው ከውስጥ ስለሆነ አይታይም እንጂ።

ባለፈው አያ ደሴ የጓሮዋን ክፍል ሊያከራዩ ፈለጉ። ቁልፉን ይዘው መጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «አንቱ ይያዙልኝ» አሉኝ። «የያዙትን ሰው እንደማይለቁ አይቻለሁ።» ምስጋና ነው ስድብ? እስካሁን አልለየሁትም። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ይኸው አሁን የእሳቸው ሆንኩ፤ በዘር ያልጸናውን በቁልፍ።

በማግስቱ አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። አዲስ የተመደበች፣ ፍራሽዋን በባጃጅ ጭና የምትዞር። ክፍል ይከራያል ተብላ ነው። ቁልፉን ስታይ ፈገግ አለች። «የማን ነሽ? የቤቱ ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ አልዘገየሁም። «ዘሬን ከሆነ የይርጋ ነኝ» አልኳት። «ክፍሏን ከሆነ የአያ ደሴ ነኝ። ከእሳቸው ጋር ለመነጋገር የምታስቢውን ለእኔ አትንገሪኝ። የሆድሽን ሆድሽ ውስጥ ያዥው።»

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አላት። ክፍሏን አየች፣ ወደደቻት፣ ተመልሳ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ግራ ቀኝ አየች። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እሺ እህቴ፣ አንድ ነገር ግን… ላንቺ ብቻ ልንገርሽ…»

ሙቀጫዬን ወደ ጉልበቴ ሳብኩና ነጭ ሽንኩርቱን መውቀጥ ጀመርኩ።